ጠብ ሳይከር፦ በቡድኖች መካከል የሚነሣ ግጭት እንዴት ይጠናል? እንዴትስ ይፈታል?

የዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅት የተሰናዳው በካልጋሪ ሰሜን ምሥራቅ፣ በሬድስቶንና በአጎራባች ሰፈሮች ለሚኖሩ አማርኛ ተናጋሪዎች ነው። የሚነገረውም ስለ ሰላምና ግጭት ጥናት ነው፤ ሰዎች በቡድን ሆነው ለምን እንደሚጣሉ፣ ጠቡ እንዴት ቀድሞ እንደሚገታና ከተነሣም በኋላ እንዴት እንደሚበርድ። የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

(አጭር ሙዚቃ)

ቅዳሜ፣ ሴፕቴምበር 2 ቀን 2023። ከሬድስቶን ወደ ደቡብ በመኪና ጥቂት ደቂቃ በሚያስኬደው በፋልኮንሪጅ አካባቢ ሁለት የኤርትራውያን ወገኖች ተጋጩ። አንዱ ወገን የኤርትራን መንግሥት የሚደግፍ፣ ሌላው የሚቃወም ነበር። 150 የሚያህል ሰው፣ ከፊሉ ዱላና ድንጋይ ይዞ፣ መንገድ ላይ ተፋጠጠ። የተጎዱ ሰዎች ሆስፒታል ገቡ። ፖሊስም ከተማዋ በቅርብ ጊዜ ካየቻቸው የአደባባይ ጠቦች ሁሉ የሚበልጥ መሆኑን ገለጸ።

ጠቡ የካልጋሪ ብቻ አልነበረም። በዚያው ቀን በቴል አቪቭ በእነዚሁ ሁለት ወገኖች መካከል እጅግ የከፋ ግጭት ተነሥቶ ብዙ ሰው ቆስሏል። አንድ ወር ያህል ቀደም ብሎ በቶሮንቶና በስቶክሆልም፣ ከዚያም በፊት በጁላይ በጀርመኗ ጊሰን ከተማ ከኤርትራውያን በዓላት ጋር የተያያዙ ተመሳሳይ ግጭቶች ደርሰዋል። ከአንድ አገር የተሰደዱ፣ አንድ ቋንቋ የሚናገሩ፣ ብዙዎቹም በአንድ ሃይማኖት ያደጉ ሰዎች ከአስመራ በሺህ በሚቆጠር ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ተደባደቡ።

ይህ ጉዳይ ለኢትዮጵያውያን የጎረቤት ወሬ ሆኖ የሚታለፍ አይደለም። በሰሜን ምሥራቅ ካልጋሪ ኤርትራውያንና ኢትዮጵያውያን እንጀራ የሚገዙት ከአንድ ሱቅ ነው፤ ልጆቻቸውም አብረው ይማራሉ። በኢትዮጵያ ውስጥ ያለፉት ዓመታት ጦርነቶች ያስከተሉት ቅያሜም በየቤተ ክርስቲያኑ ግቢ፣ በየማኅበሩና በየለቅሶ ቤቱ ገብቷል። አብረው ዕቁብ ሲጥሉ የነበሩ ሰዎች ስልክ መደዋወል ያቆሙበት ጊዜ አለ። አንዱ ቅያሜ ወደ ድብድብ ሲያመራ ሌላው ሳያመራ የሚቀረው በምን ምክንያት ነው? ይህ የግጭት ተመራማሪዎች ሁሉ የጋራ ጥያቄ ነው።

የጥናቱ መስክ ራሱን ችሎ የቆመው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። ኖርዌያዊው ዮሐን ጋልቱንግ በ1959 በኦስሎ የሰላም ጥናት ተቋም መሠረተ፤ በ1964 ደግሞ እስከ ዛሬ የሚታተም የሰላም ጥናት መጽሔት አስጀመረ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም የሰላምና ደህንነት ጥናት ተቋም በ2007 ሥራ ጀምሯል። ከ2012 ወዲህም በባሕር ዳር የተጀመረው የጣና ፎረም የአፍሪካን የጸጥታ ጉዳዮች የሚወያዩ መሪዎችንና ምሁራንን ሲያሰባስብ ቆይቷል።

ጋልቱንግ ለመስኩ ያበረከተው ትልቁ ነገር ሰላምን በሁለት ከፍሎ ማየቱ ነው። ተኩስ የለም፣ ድብድብ የለም፣ ደም አልፈሰሰም ሲባል ያለው ሰላም አሉታዊ ሰላም ይባላል። ሰዎችን የሚያቆራርጠው በደል ራሱ ሲነቀል፣ ሰዎችም በፍትሕ አብረው መሥራት ሲጀምሩ የሚገኘው ደግሞ አወንታዊ ሰላም ነው። ማንም ሰው ዱላ ሳያነሣ ሕግና አሠራር ብቻ አንዱን ቡድን ሊያደኸይ፣ ሊያሳምምና ሊያዋርድ እንደሚችልም በ1969 ባሳተመው ጽሑፍ አስረድቷል።

የዚህ ምስክር ካልጋሪ ውስጥ ራሱ አለ። ከተማዋ ያረፈችበት ምድር በ1877 የተፈረመው የ7ኛው ውል ምድር ነው፤ ውሉን የፈረሙት የብላክፉት ሕዝቦች፣ ቱትኢናና ስቶኒ ናኮዳ ከእንግሊዝ ዘውድ ጋር ነው። ከዚያ በኋላ ባለው ከመቶ የሚበልጥ ዓመት በአካባቢው ጦርነት አልነበረም። ይሁን እንጂ የነባር ሕዝቦች ልጆች ከወላጆቻቸው እየተነጠሉ ቋንቋቸውንና ባህላቸውን ወደሚያስጥሉ አዳሪ ትምህርት ቤቶች ይወሰዱ ነበር። የካናዳ የእውነትና የዕርቅ ኮሚሽን ጉዳዩን ለዓመታት መርምሮ 94 የተግባር ጥሪዎችን በ2015 አቀረበ። በ2017 የካልጋሪ ምክር ቤት፣ ከአዳሪ ትምህርት ቤቶቹ ጋር ስሙ በተያያዘው በፖለቲከኛው በሄክቶር ላንጅቪን ስም ይጠራ የነበረውን በቦው ወንዝ ላይ ያለ ድልድይ የዕርቅ ድልድይ ብሎ ሰየመው። ስም መቀየሩ በደሉን አይሽርም። ነገር ግን ተኩስ ባልነበረበት ዘመን ሁሉ ሰላም ነበር ማለት እንደማይቻል ከተማው በአደባባይ ማመኑን ያሳያል።

(አጭር ሙዚቃ)

ቡድን ከቡድን የሚጣላው በምንድን ነው? በጥላቻ ብቻ ነው የሚለውን ግምት ክፉኛ ያናጋው በ1954 በአሜሪካዋ ኦክላሆማ ክፍለ ግዛት የተካሄደ ሙከራ ነው። ሙከራውን የመራው ቱርክ ውስጥ የተወለደው የሥነ ልቦና ሊቅ ሙዛፈር ሸሪፍ ነበር። 11 ዓመት ገደማ የሆናቸው 22 ወንዶች ልጆች ሮበርስ ኬቭ ወደተባለ የመናፈሻ ሰፈር ተወሰዱ። ሁሉም ከደህና ቤተሰብ የመጡ፣ በዘርም በሃይማኖትም የሚመሳሰሉ፣ ቀድሞም የማይተዋወቁ ነበሩ። በሁለት ቡድን ተከፍለው ለሽልማት ሲወዳደሩ ቀናት ሳይቆጠሩ ስድድብ ጀመሩ፤ አንዱ የሌላውን ባንዲራ አቃጠለ፤ አንዱ የሌላውን ማደሪያ ወረረ።

ተመራማሪዎቹ መጀመሪያ የሞከሩት ቀላሉን መንገድ ነበር፤ አብረው ይብሉ፣ አብረው ፊልም ይዩ አሉ። ልጆቹ ገበታ ላይ ምግብ ተወራወሩ። የሠራው ሌላ ነገር ነው። የሰፈሩ ውኃ ሲቋረጥ መስመሩን አብረው ፈተሹ፤ ምግብ የሚያመጣው መኪና አልነሣ ሲል በአንድ ገመድ ሆነው ጎተቱት። አንዱ ቡድን ብቻውን የማይወጣው ሥራ እየተደጋገመ ሲመጣ ጠቡ ረገበ። ኋላ የመጡ ተመራማሪዎች የሰፈሩ ኃላፊዎች ጠቡን ራሳቸው ቆስቁሰውታል ብለው ሙከራውን ነቅፈዋል፤ ነቀፋውም መሠረት አለው። ቢሆንም ሁለት ወገን አንድ ቦታ መቀመጡ ብቻውን እንደማያስታርቅ፣ የጋራ ችግር ላይ አብሮ መሥራት ግን ብዙ እንደሚረዳ ከዚያ ወዲህ የተደረጉ በርካታ ጥናቶች አሳይተዋል።

ሬድስቶን ይህን ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም የምታውቀው። ጁን 13 ቀን 2020 በሰሜን ምሥራቅ ካልጋሪ ላይ የቴኒስ ኳስ የሚያህል በረዶ ወረደ። የቤቶች ግድግዳ ልባስ ተበሳሳ፣ መስኮት ረገፈ፣ መኪና ተጨራመተ። የኢንሹራንስ ኩባንያዎች የገመቱት ጉዳት ብቻ ከ1 ቢሊዮን የካናዳ ዶላር በላይ ነበር፤ በአገሪቱ ታሪክም ከፍተኛ ወጪ ካስከተሉ የተፈጥሮ አደጋዎች አንዱ ሆነ። በረዶው የፑንጃቢውን፣ የፊሊፒናዊውን፣ የናይጄሪያዊውንና የሐበሻውን ቤት አልለየም። ከየሰፈሩ የተውጣጡ ነዋሪዎች ኮሚቴ አቋቁመው መንግሥት እንዲረዳቸው ጠየቁ። የሸሪፍ ልጆች መኪና የጎተቱበት ገመድ በእውነተኛ ኑሮ ሲገኝ መልኩ ይህን ይመስላል።

ትውውቁና ኮሚቴው ግን አደጋው ካለፈ በኋላም ሊቀጥል ይገባል። ይህን አስፍቶ ያሳየው ሕንዳዊው የፖለቲካ ምሁር አሹቶሽ ቫርሽኒ ነው። በ2002 ባሳተመው ጥናት በሂንዱዎችና በሙስሊሞች መካከል የሚነሣው ሁከት በሕንድ ምድር ሁሉ እንዳልተሰራጨ አረጋገጠ። ከ1950 እስከ 1995 በእንዲህ ዓይነት ሁከት በከተሞች ከሞተው ሰው ግማሽ ለመሆን ጥቂት የሚቀረው የሞተው በስምንት ከተሞች ብቻ ነበር። በእነዚያ ከተሞች ይኖር የነበረው ግን ከአገሪቱ የከተማ ሕዝብ 18 በመቶው ነበር። ቫርሽኒ ሁከት የሚደጋግማትን አሊጋርን ሰላም ከሰፈነባት ከካሊካት ጋር አስተያየ። በሁለቱም የሙስሊሙ ብዛት ተቀራራቢ ነበር፤ በሁለቱም ሃይማኖትን የሚነካ ክፉ ወሬ ደርሷል።

ልዩነቱ የተገኘው በማኅበራቱ ላይ ነው። በካሊካት የነጋዴዎች፣ የሠራተኞች፣ የአንባቢዎችና የባለሙያዎች ማኅበራት ሂንዱንም ሙስሊሙንም አንድ ላይ ያቀፉ ነበሩ። ወሬ ሲነሣ የማኅበሩ ሰዎች በአንድ ጊዜ በሁለቱም ሰፈር ገብተው እውነቱን ያጣሩ ነበር፤ ፖለቲከኛውም ማኅበሩን መፍራት ስለነበረበት እሳት አያቀጣጥልም ነበር። በአሊጋር ግን ማኅበራቱ በአብዛኛው አንድ ወገን ብቻ የሚሰበሰብባቸው ነበሩ። በ1990 መጨረሻ በዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል የሂንዱ ሕሙማን ተገደሉ የሚል ሐሰተኛ ዜና ጋዜጣ ላይ ወጣ፤ ሐሰትነቱ እስኪታወቅ ድረስ ብዙ ደም ፈሰሰ። ቫርሽኒ ከዚህ ተነሥቶ የሚለው፣ በትልቅ ከተማ ጎረቤት ለጎረቤት ሰላምታ መለዋወጥ መልካም ሆኖ ሳለ ሰላምን ለመጠበቅ አይበቃም ነው፤ ሁለቱን ወገን በጥቅም የሚያስተሳስር ማኅበር ያስፈልጋል።

በዚህ ዓይን ሲታይ፣ ማርቲንዴል አጠገብ በ2012 የተከፈተው የካልጋሪ የማኅበረሰብ ማዕከል፣ ጀነሲስ ሴንተር፣ ከመዋኛና ከቤተ መጻሕፍት የበለጠ ትርጉም አለው። ሐበሻ ራሱን በራሱ የሚያደራጅባቸው ዕድርና ዕቁብም እንዲሁ። አንድ ዕድር ከተለያየ ብሔር፣ ከተለያየ ሃይማኖትና ከተለያየ የፖለቲካ አመለካከት የመጡ አባላት ካሉት፣ የሐዘን ድንኳን ከመትከሉ በተጨማሪ የወሬ ማጣሪያም ይሆናል። በብሔር ተለይቶ የተቋቋመ ዕድርም ለአባላቱ ይጠቅማል፤ ክፉ ቀን ሲመጣ ግን ወደ ሌላው ሰፈር የሚልከው ሰው አይኖረውም።

(አጭር ሙዚቃ)

ስደተኛ ማኅበረሰብ ከዚህ ሌላ የራሱ ፈተና አለው። የጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲው ቴረንስ ላየንስ በአሜሪካ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንን የፖለቲካ እንቅስቃሴ ለዓመታት አጥንቷል። በግጭት ምክንያት የተሰደደ ማኅበረሰብ አገር ቤት ካለው ሕዝብ ይልቅ አቋሙን ለማለዘብ እንደሚቸገር ጽፏል። የተሰደደበት በደል በልቡ ውስጥ በተሰደደበት ቀን እንደነበረ ይቀመጣል፤ የግጭቱን የዕለት ዋጋ ግን የሚከፍለው አገር ቤት ያለው ነው። ላየንስ በዚህ አያቆምም። ይኸው ማኅበረሰብ ስለ ግጭቱ የሚያስብበት መንገድ ሲለወጥ ለዕርቅ ትልቅ ጉልበት እንደሚሆንም ያስረዳል።

ለዚህ ከኢትዮጵያውያን ታሪክ ሁለት ትልልቅ ምሳሌዎች ይገኛሉ።

የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን መከፋፈልና ዕርቅ ነው። በ1991 የመንግሥት ለውጥ ከተደረገ በኋላ አራተኛው ፓትርያርክ አቡነ መርቆሬዎስ ከመንበራቸው ተነሡ፤ በ1992 አቡነ ጳውሎስ አምስተኛ ፓትርያርክ ሆነው ተሾሙ። አቡነ መርቆሬዎስ በኬንያ በኩል ወደ አሜሪካ ተሰደዱ፤ በዚያም ሌላ ሲኖዶስ ቆመ። በውጭ ያለው ምዕመን በሦስት ተከፈለ፦ በአዲስ አበባው ሲኖዶስ ሥር ያለ፣ በስደት ባለው ሲኖዶስ ሥር ያለ፣ እንዲሁም ገለልተኛ። ውግዘቱ ከሊቃነ ጳጳሳቱ ወርዶ ቤተሰብ ውስጥ ገባ። ክርስትና የት ይነሣ፣ ተክሊሉ የት ይድረስ፣ ፍታቱን የትኛው ካህን ይምራ የሚለው የዘመድ መጣያ ሆነ።

ለማስታረቅ የተነሡ ሰዎች ለዓመታት ደክመዋል። በ2012 የአቡነ ጳውሎስን ዕረፍት ተከትሎ በዓመቱ መጨረሻ በዳላስ ንግግር ተደርጎ ነበር፤ ሆኖም ሳይሰምር ቀርቶ በ2013 አቡነ ማትያስ ስድስተኛ ፓትርያርክ ሆነው ተመረጡ። ተስፋው የተቆረጠ ቢመስልም ሸምጋዮቹ አልተበተኑም። በጁላይ 2018 የሁለቱ ሲኖዶሶች ልዑካን በዋሽንግተን ተገናኝተው ታረቁ። ውግዘቱ ከሁለቱም ወገን ተነሣ። ሁለቱም አባቶች በፓትርያርክነት ክብራቸው እንዲቆዩ፣ አቡነ ማትያስ አስተዳደሩን፣ አቡነ መርቆሬዎስ ጸሎትና ቡራኬውን እንዲመሩ፣ የሁለቱም ስም በቅዳሴ እንዲጠራ ተስማሙ። አቡነ መርቆሬዎስም ኦገስት 1 ቀን ወደ አገራቸው ገቡ፤ በ2022 እስካረፉበት ቀን ድረስም በዚያ ኖሩ።

በዳላስ ያልሆነው በዋሽንግተን ለምን ሆነ? ዊልያም ዛርትማን የተባለው አሜሪካዊ ምሁር ዕርቅ ጊዜው ሲበስል ነው የሚይዘው ይላል። ሁለቱም ወገን ብቻቸውን ማሸነፍ እንደማይችሉ ሲገባቸው፣ መቆየቱም ሁለቱንም ሲጎዳ፣ መውጫ በርም ሲታያቸው ጊዜው በስሏል። በ2018 የአገሪቱ ፖለቲካ ተለውጦ ነበር፤ ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድም ለዕርቁ ቆመው ዋሽንግተን ድረስ ሄደዋል። መንበሩ የማን ነው የሚለውን ጥያቄ ደግሞ ሸምጋዮቹ አሸናፊና ተሸናፊ በማይለይበት መንገድ መለሱት። አዲሱ ሁኔታ በሩን ሲከፍት ገብቶ የሚሠራ ሰው የተገኘው ግን ባልተሳኩት ዓመታት ሁሉ ሁለቱንም ወገን ሲያነጋግሩ የቆዩ ሰዎች ስለነበሩ ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ የፕሮፌሰር ኤፍሬም ይስሐቅ ነው። በወለጋ ነጆ ከኦሮሞ እናትና ከየመን አይሁዳዊ አባት የተወለዱት እኒህ ሊቅ በ1969 በሃርቫርድ የአፍሪካ አሜሪካውያን ጥናት የመጀመሪያው ፕሮፌሰር ሆነዋል። የ2005ቱን ምርጫ ተከትሎ በተነሣው ሁከት ወደ 200 የሚጠጋ ሰው ሞቶ፣ የተቃዋሚው ፓርቲ የቅንጅት መሪዎች ታስረው ሳለ፣ ፕሮፌሰር ኤፍሬም የመሩት የሽማግሌዎች ቡድን በመንግሥትና በእስረኞቹ መካከል ተመላለሰ። በጁላይ 2007፣ የዕድሜ ልክ እስራት በተፈረደ በቀናት ውስጥ፣ 38 ሰዎች በይቅርታ ተፈቱ።

የምዕራባውያን መማሪያ መጻሕፍት ለረጅም ጊዜ ያስተማሩት ጥሩ አስታራቂ ከሁለቱም ወገን ያልሆነ የውጭ ሰው ነው ብለው ነበር። ፖል ዌርና ጆን ፖል ሌደራክ ግን በ1991 ከመካከለኛው አሜሪካ ተነሥተው ባሳተሙት ጽሑፍ ሌላ ዓይነት አስታራቂ መኖሩን አሳዩ። እርሱ ከውስጥ የሆነ፣ ከተጣሉት ጋር ዝምድናና ትውውቅ ያለው፣ ከዕርቁ በኋላም አብሯቸው የሚኖር ሰው ነው። አበጋር የሚባለው የወሎ አስታራቂ ይህን ሲሠራ የኖረው የጥናት መስኩ ስም ሳይወጣለት በፊት ነው። ክርስቲያንና ሙስሊም በአንድ መንደር በሚኖሩበት አገር አበጋሩ ደም ያደርቃል፤ ቃሉ የሚሰማውም ሁለቱም ወገኖች ስለሚያውቁት፣ እርሱም ስለሚያውቃቸው ነው።

የ2007ቱ ሽምግልና ግን ሌላም ትምህርት ትቷል። ከተፈቱት መሪዎች አንዷ ብርቱካን ሚደቅሳ በ2008 በስዊድን ስለ ይቅርታው አሰጣጥ በተናገሩት ምክንያት ይቅርታው ተነሥቶባቸው እንደገና ታሰሩ፤ የተፈቱትም በኦክቶበር 2010 ነው። በሽማግሌዎች ፊት የተባለውን ነገር መንግሥት አንድ ዓይነት፣ የተፈቱት ሌላ ዓይነት አድርገው ተረድተውት ነበር። የተስማሙበትን ነገር በአንድ ጽሑፍ አስፍሮ፣ እያንዳንዱን ቃል ለሁለቱም ወገን አብራርቶ፣ ለሚመለከተው ሕዝብም አሳውቆ መለያየት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ለሽማግሌ ክብር ሲባል ዝርዝሩን ማለፍ ደግ ይመስላል፤ ውሎ አድሮ ግን ሽማግሌውንም ታራቂውንም ያሳፍራል።

(አጭር ሙዚቃ)

ልጆችና ወጣቶችስ? እዚህ ላይ ኳስ ይነሣል። የሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን ከ1984 ጀምሮ በየበጋው ቡድኖችን ሲያሰባስብ ኖሯል። ኳስ ያስታርቃል የሚለውን እምነት ሳልማ ሙሳ የተባለች ተመራማሪ በሰሜን ኢራቅ ፈትናዋለች። በአይሲስ የተፈናቀሉ ክርስቲያን ተጫዋቾች ያሉባቸውን ቡድኖች በዕጣ ለያይታ ለአንዳንዶቹ ሙስሊም ተጫዋቾች ጨመረች፤ ሌሎቹ ክርስቲያን ብቻ ሆነው ቆዩ። ውጤቱ በ2020 ታተመ። ከሙስሊም ጋር የተጫወቱት ክርስቲያኖች በሌላ ቡድን ላለ ሙስሊም የጨዋነት ሽልማት ድምፅ ለመስጠት፣ ከወራት በኋላም ከሙስሊሞች ጋር ለመለማመድ ይበልጥ ፈቃደኛ ሆነው ተገኙ። ከሜዳ ውጭ ግን፣ ለምሳሌ ወደ ሞሱል ሄዶ ምግብ ቤት በመግባት፣ ብዙ ለውጥ አልታየም።

ይህ ኳስን ዋጋ አያሳጣውም። ሜዳ ላይ የተገኘው መቀራረብ ወደ ቤትና ወደ ሥራ ዘልቆ እንዲገባ ሌላ ሰው ሊሠራው የሚገባ ሥራ እንዳለ ግን ይናገራል። ያ ሥራ የወላጆች ነው፤ የማኅበር መሪዎችም ነው። ሌደራክ ሰላም ሲገነባ ከላይ መሪዎች፣ ከታች ሕዝቡ፣ በመካከል ደግሞ ለሁለቱም የሚደርሱ ሰዎች እንዳሉ ይናገራል። ትልቁን ተስፋ የሚጥለው በመካከለኞቹ ላይ ነው፤ በሰፈር ቋንቋ እነዚህ የዕድር ዳኛ፣ ቄስና ሼክ፣ የእግር ኳስ አሠልጣኝ፣ የሴቶች ማኅበር ሰብሳቢና የቋንቋ ትምህርት ቤት መምህር ናቸው።

በሬድስቶንና በአካባቢው ያሉ እንዲህ ያሉ ሰዎች ክፉ ወሬ ሳይመጣ ዛሬ የሚጀምሩት ተጨባጭ ነገር አለ። አንደኛ፣ በዕድሩ መተዳደሪያ ደንብ ውስጥ አገር ቤት ግጭት ሲነሣ በማኅበሩ ስም መግለጫ የሚሰጠው ማን እንደሆነ፣ ያልተጣራ ዜና በማኅበሩ ቴሌግራም እንዳይለጠፍም የሚጠብቀው ማን እንደሆነ መጻፍ። ሁለተኛ፣ ከእያንዳንዱ ወገን የሚታመኑ ሰዎች፣ ሴቶችና ወጣቶችም ጭምር ያሉበት፣ በወር አንድ ጊዜ ሰላም ባለበት ወቅትም የሚገናኝ የሽማግሌዎች ቡድን ማቋቋም። ሦስተኛ፣ ከኤርትራውያን ማኅበራት ጋር አንድ የጋራ ሥራ መምረጥ፤ የአዲስ መጤዎች መረጃ ማዕከል፣ የአረጋውያን መጓጓዣ ወይም የልጆች የሒሳብ ማጠናከሪያ ሊሆን ይችላል።

ከዝግጅቱ በኋላ በቤት ወይም በማኅበር ለመወያየት ሦስት ጥያቄዎች ቀርበዋል። የሚሳተፉበት ማኅበር አባላት ከአንድ ወገን ብቻ የመጡ ናቸው ወይስ ከብዙ? ነገ ክፉ ወሬ ቢሰማ፣ በሌላው ወገን ዘንድ ደውለው እውነቱን የሚጠይቁት ሰው ማን ነው? ያ ሰው ከሌለስ፣ በዚህ ወር ውስጥ ከማን ጋር መተዋወቅ ይቻላል? የሚቀጥለው ዝግጅት ስለ ወሎ አበጋሮች አሠራር በስፋት ይዘግባል።